መርፌው አልነበረም

ከዓሣ ገበያ ስመለስ የልጅ ልጄን ኒካኖርን ከጤና ጣቢያው በር ሲወጣ አገኘሁት። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ሰዓት አራተኛ ክፍል ቆሞ ማስተማር ነበረበት። ግራ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። እኔ እንኳን ፋሻ አይቼ፣ ሲያስነጥስም እንቅልፍ የማጣ ሴት ነኝ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ካውያ ነው፣ ሎላ» አለኝ፤ በእኛ ዘንድ አያት ሎላ ናት።

«ልብስ ስትተኩስ?»

«የምትተኩሰው ማርሊን ነበረች። ሸሚዙ ሳይሆን እኔ ላይ አሳረፈችው።»

ግራ ቀኙን አየሁ። «ቀስ በል፤ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ባለ ትሪሳይክሎች ይሰሙሃል።»

«ይስሙ። ወደ ቀበሌ እየሄድኩ ነው፤ ላስመዘግብ።»

ደህናውን እጁን ይዤ ማንጎው ሥር አስቀመጥኩት። «ምን ልትል? ሚስቴ መታችኝ? የቀሚስ ሥር ማኅበር ሊቀመንበር መሆንህን አገር ያውቃል፤ ሳቅ በሳቅ ነው የሚሆኑት።»

የመንደራችን ወንዶች በየዓመቱ በደብራችን ቅዱስ በዓል ሚስቱን ይፈራል ያሉትን ሰው ‹ሊቀመንበር› ብለው ይመርጡና ቀሚስ አልብሰው ከሙዚቀኞቹ ኋላ ያስጨፍሩታል። አምና ዕጣው የኒካኖር ነበር። ቀዩን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

«ገመና ነው ልጄ» አልኩት። «የባልና የሚስት ነገር ጣራ ሥር ይቀራል።»

«ጎረቤታችንን ኔኔንግን ባሏ ጥርሷን የሰበራት ጊዜ ገመና ነው አላሉም። እጇን ይዘው ቀበሌ የወሰዷት እርስዎ ነዎት።»

«እሷማ ሴት ናት።»

«እኔም ጥርስ አለኝ፣ ሎላ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። «ጉልበት አለህኮ። አንድ ጊዜ ገፋ ብታደርጋት...»

«ያን ጊዜ የተመታ ሰው ሁለት ይሆናል። አልፈልግም። ደክሞኛል። ስድስት ዓመት።» ፋሻውን አየ። «ቀሚሱን ሲለኩኝ ትዝ ይልዎታል? ወገቡን በመርፌ ሲያጠቡ ዘልዬ ሸሸሁ። ‹ወንድ ልጅ መርፌ ይፈራል?› አሉኝ። መርፌው አልነበረም። የጎኔ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ከላዩ ቀሚስ ለብሼ ጨፈርኩ።»

እኔም አጨብጭቤአለሁ። ይህን ማስተባበል አልችልም።

ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁ። «ና እንሂድ» አልኩት፤ «ጃንጥላውን ያዝልኝ።»

የቀበሌው ዘበኛ ቴዮ ገና ከሩቅ ሲያየን፣ «ሊቀመንበር፣ የማኅበሩ ስብሰባ ዛሬ ነው እንዴ?» አለ።

«ቴዮ፣ የክርስትና ልብስህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ዝም በልና ወንበር አምጣለት።»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠች። ዓምዱ «የተበደለችው ሚስት ስም» ይላል። እስክሪብቶዋ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ጽሑፉን ሰርዛ ኒካኖር ብላ ጻፈች።

አሁን ኒካኖር ጓዳዬ ውስጥ ይተኛል፤ ጠባሳውን ሳይደብቅ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ያስተምራል። ማርሊንን ቀበሌ ጠርተው አነጋገሯት፤ መጀመሪያ ካደች፣ ኋላ አለቀሰች፣ አሁን በየሳምንቱ ለምክር ትሄዳለች። መጨረሻውን አላውቅም፤ ያው እንቅልፍ አጥቼ እጠብቃለሁ። ለዘንድሮው በዓል ወንዶቹ ቀይ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ማሽኔ ቀሚስ ሰልችቶታል» ብዬ መለስኳቸው።

እናቶች፣ አያቶች፣ ልጃችሁ ስትነኩት ከሸሸ መርፌ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጠይቁት። የተናገረ ሰው ሐኪም ያገኛል፣ ምስክርም ያገኛል። ባሏን የምትመታውም ሴት ከገዛ እጇ የሚያስጥላት ታገኛለች። ዝምታ ግን ቁስል ሲያደርቅ አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ቴዮ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ጎኑን በክርኑ ደግፏል።

«ኒካኖር አለ?» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ኒካኖርን ጠራሁት። ወንበር አወጣሁለት።