ስም የሚያወጣው ማሽን

ያን ቀን ጠዋት ወረቀት ፍለጋ ከመዝገብ ክፍሌ ብወጣ፣ ከክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል በር ላይ ሲስተርን አገኘኋት። ስልኳን ጨብጣለች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። የክሊኒኩ ድረ ገጽ የሕፃኑን ክብደት ሲነግሩት የሽሮፑን መጠን ያሰላል። ስሌቱ ስህተት ተገኝቶበት ትናንት ታርሟል ተብሎ ነበር፤ የእሷ ስልክ ግን ዛሬም እጥፉን ይላል።

«ልቤ ባይጠረጥር ውስጥ ለተኛው ልጅ ልሰጠው ነበር እኮ!» አለች።

ገጹን የሚጠብቁት ሽማግሌ ለሁሉም ነገር «ቆይ ብቻ» ስለሚሉ ጋሽ ቆይ-ብቻ እንላቸዋለን።

«ቆይ ብቻ! እኔ ጋ ትክክል ነው፤ ይኸው!» አሉ ስክሪናቸውን አዙረው።

አንድ ገጽ ሁለት መልስ መስጠቱ ገርሞኝ ወረቀቴን ረሳሁ። አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ፣ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ናት፣ ፈገግ አለች።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገጹን በስልኳ የሚከፍትላት ብሮውዘር አንዴ ያወረደውን ፋይል፣ ስሌቱ ያለበትንም ጭምር፣ በስሙ ያስቀምጠዋል። ስሙ ያው ከሆነ ‹ይኼማ አለኝ› ብሎ አሮጌውን ያወጣል። እርስዎ ውስጡን አረሙ እንጂ ስሙን አልነኩም፤ እርስዎ ጋ ትክክል የሆነው ያረሙበት ኮምፒውተር ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ የተቀመጠውን ታጥፋዋ!»

«ሲስተርስ ታጥፋ። ቤቷ ሆና የምታሰላዋን እናት ማን ይነግራታል?»

«እንግዲያው ምንም አያስቀምጥ፤ ሁሌ አዲስ ያውርድ።»

«በዚህ በሚንቀራፈፍ ኔትወርክ? ልጁ እያለቀሰ?»

ጋሽ ቆይ-ብቻ ግን በዋዛ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ልጄ! ባረምኩ ቁጥር ገጹ ለሚጠቀምባቸው ሠላሳ ፋይሎች ስም ሳወጣ ልኑር?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የመዝገብ ሰው ነኝና በልቤ ለእሳቸው አደላሁ።

«እርስዎ አይደክሙም። ማሽኑ የፋይሉን ይዘት አንብቦ ከስሙ ላይ ምልክት ይቀጥልለታል። ይዘቱ ሲለወጥ ምልክቱም ይለወጣል። ገጹ ብቻ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ይምጣ፤ ፋይሎቹን በአዲሱ ስማቸው የሚጠራው እሱ ነው። የቀሩት ፋይሎች ስልኩ ላይ ዓመት ቢቀመጡ ምን ቸገረን?»

እንዳለችው አሰናዳችላቸው። ሽማግሌው ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ጨመሩ፤ ስሙ ተለወጠ። ነጥቧን አጠፉ፤ የቀድሞው ስም ተመለሰ። «ቆይ ብቻ» እያሉ አራት ጊዜ ደጋገሙት፤ ዓይናቸው እንደ ሕፃን በራ። ሲስተር ምንም ሳታጠፋ ገጹን እንደገና ብትከፍተው ትክክለኛው ቁጥር መጣ።

«መልአኩም እንዲህ አይጠነቀቅ!» አሉና እጅ ሰጡ።

እኔም፣ ምክር ልማዴ ነውና፣ ጥቅሙን መዘርዘር ጀመርኩ፤ ያልተለወጠው ፋይል ዳግም ስለማይወርድ ገጹ ይፈጥናል፣ የታረመው ወዲያው ይደርሳል፣ እናትም የምታየውን ቁጥር ታምናለች። ቀና ስል ሲስተር የለችም። ሽሮፑን በልኩ ቀድታ ወደ ልጁ ሄዳለች።