ወደ መጋዘን የተሾመችው አስተርጓሚ

የጎርጎራው ጀልባ ሞተሩ አልነሣ ብሎ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ባንቆም ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። መምህር ነኝ፤ የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ደግሞ ክፉ አመሌ ነው።

ከአጠገቤ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ሻለቃ ገድሉ ተቀምጠዋል። የወረታው ነጋዴ የሙሀመድሰዒድ ልጅ ምክትል መቶ አለቃ ሰሚሐ ከፊታችን ስትቀመጥ ፊታቸው በራ።

«ሹመት አገኘሽ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!»

«አላህ ያክብርልኝ፣ ሻለቃ። ግን አልቀበለውም። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሰኞ አስገባዋለሁ።»

«ምን ጎደለብሽ?» አሉ ደንግጠው።

«ሥራዬ ነዋ የጎደለብኝ! ዐረብኛን ከአያቴ ተማርሁ፤ ሶማልኛን ድንበር ላይ ስድስት ዓመት ኖሬ ለመድሁ። አሁን ለአስተርጓሚ ከዚህ በላይ ማዕረግ የለም ተባልሁ። መቶ አለቃ መሆን ካማረሽ የመጋዘን ኃላፊ ሁኚ አሉኝ።»

«ወታደር የታዘዘበት ይሄዳል! ቋንቋ ሲያስፈልግ ለሁለት ቀን የሚያስተረጉም ሰው ከከተማ አይጠፋም። በእኛ ዘመን የተሸከምነው መትረየስ እንጂ ሰዋስው አይደለም።»

እኔ ሳቄን ዋጥሁ። እሷ ግን በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አድርጋ መለሰችላቸው።

«የታዘዝሁበትማ ሄጃለሁ። አምና ግን እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ አርብቶ አደሮች የውኃ ጉድጓድ አጠገብ መንገድ በድንጋይ ዘጉብን። ከከተማ የመጣው አስተርጓሚ በቋንቋው እኔን ያስከነዳል። ነገር ግን ገና እንደደረሰ ‹መንገድ ክፈቱ› አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ጎረምሶቹም መሣሪያ አነሡ። በማግሥቱ እኔ ተጠርቼ ደረስሁ። ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ታማ ስለነበረችው የሽማግሌው ልጅ ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን ራሳቸው አነሡልን፤ ሠላሳ ስምንት ወታደር አንድ ጥይት ሳይተኩስ አለፈ። ይህን አብሬያቸው ስኖር ነው ያገኘሁት፣ ሻለቃ፤ በሁለት ቀን አይገኝም።»

ስትናገር አንገቷ ቀና አለ። እኔም ልጄ ባትሆንም ኮራሁባት።

ሻለቃ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«ሰላህ የሚባል ወታደር ነበረኝ» አሉ። «የምንሠራበትን አገር ቋንቋ ውኃ አድርጎ ይናገር ነበር። እኔ ግን ወጥ ቤት መድቤ እንጨት አስፈለጥሁት። የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልቅ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ አንድ መንደር ስንገባ ሰዎች እየጮኹ ወደ እኛ ሮጡ። የሚሉትን የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረንም። ለካ ፈንጂ አለ ነበር የሚሉን። ሦስት ወታደሮቼን ቀበርሁ።»

ከዚያ ሻለቃ፣ ሲያዝዙ የኖሩት ሰውዬ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ባለቋንቋ ከቋንቋው ሳይነቀል ማዕረጉ ይደግ። ምልምል ሲመጣም ቁመቱ ብቻ አይለካ፤ እናቱ በምን ቋንቋ እንዳሳደገችው ይጠየቅ። ያኔ ማን ይለቃል? እኔም አልለቅም።»

«እንግዲያው ያን ደብዳቤ ተይውና ይህንን ለአለቆችሽ ጻፊ! ከሥሩ የሰላህን ነገር እኔ እጽፋለሁ፤ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን እፈርማለሁ።»

ሞተሩ ተነሣ። ጎርጎራ እስክንደርስ ሁለቱ በእኔ ደብተር ላይ ሲጽፉ ዋሉ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቶ ሰሚሐ መቶ አለቃ ሆናለች፤ መጋዘን ግን አልገባችም። አሥራ ሁለት ወጣት አስተርጓሚዎችን ትመራለች። ሊለቁ ካሰቡት ሁለቱ ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ በአስተርጓሚዎቹ በኩል ወታደሩ የመንደሩን ሰው ይሰማል፣ የመንደሩም ሰው ወታደር ሲያይ አይሸሽም። አገር የምትጠበቀው እንዲህም ጭምር ነው።

ሻለቃ ገድሉማ ሰው አላስቀምጥ ብለዋል። ሻይ ቤት ሲገቡ ገና ሳያዝዙ አስተናጋጇን «እናትሽ በምን ቋንቋ አሳደገችሽ?» ይላሉ። «በአገውኛ» ካለቻቸው በቃ፣ ምልመላው ተጀመረ ማለት ነው። ደግሞም ሰሚሐን ለሠራዊቱ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እያሉ በየሄዱበት ይጎርራሉ።

እኔ አላርማቸውም። ያን ቀን በደብተሬ ላይ፣ ከፊርማቸው በላይ፣ የሦስቱን ወታደሮች ስም አንድ በአንድ ሲጽፉ አይቻለሁ።