አርባ ዓመትና የናፍጣ ፖምፓዋ

ሰፈሩ ሁሉ «አርባ ዓመት» ይላቸዋል። ስም ጠፍቶላቸው አይደለም፤ የመኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር «አርባ ዓመት ነድቻለሁ» ሳይሉ አፋቸውን ስለማይከፍቱ ነው። የዚያን ዕለት ረፋድ ግን አርባ ዓመት ፒክአፓቸውን ዳገቱ ወገብ ላይ አቁመው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን እንደ ባለጌ ልጅ ይቆጡት ነበር። ጋቢና ውስጥ ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። እኒህ ሴት ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል። አንድ ቀጠሮ ካለፋቸው እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ቀድመው ቢወጡም ከቆሙ ቆይተዋል፤ የቀጠሮው ሰዓት ደግሞ እየደረሰ ነበር።

ደግነቱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አይታቸው ቀረብ አለች። ሕፃን ሳለች ከዚህችኛዋ በፊት በነበረቻቸው ፒክአፕ ትምህርት ቤት ያደርሷት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሙያ ተምራ ናፍጣን ወደ ሞተር የሚገፋው የናፍጣ ፖምፓ ጠጋኝ ሆናለች።

«ደህና አደሩ አባባ? ምን ሆነችብዎ?»

«ተዪኝ ልጄ! ዳገት ስታይ ጉልበቷ ይከዳታል። የድሮዋ እንዲህ አላደረገችኝም። አርባ ዓመት ነድቻለሁ...»

«እሱንስ ፊደል ሳልቆጥር ነው በቃሌ የያዝኩት» አለችና ሳቅ ብላ ወደ ጋቢናው አንገቷን አሰገገች። ባለቤታቸውን እጅ ከነሣች በኋላ ዓይኗ ከመሪው ኋላ አረፈ። «አባባ፣ እዚህ የለጠፉት ፕላስተር ምንድን ነው?»

አርባ ዓመት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከባለቤታቸው ክንድ የተረፈ የሆስፒታል ፕላስተር ነው፤ ከሥሩ አንዲት ቢጫ መብራት አለች።

«ነዝናዛ ናት። ጠዋት ትበራለች፣ ማታ ትበራለች። አፏን አስያዝኳት።»

ልጅቱ መሳቅም መቆጣትም አማራት። «እሷ እኮ ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ እያለችዎት ነው። ለመሆኑ ከየት ነው የሚሞሉት?»

«ግቢ ካስቀመጥኩት በርሜል። በወፍራም ጨርቅ አጥልዬ ነው ታዲያ! ብርድ ሲሆን ትንሽ ላምባ ጣል አደርግበታለሁ። የድሮዋ ነፍሷ ነበር።»

«ጨርቁ አሸዋውን ይይዛል እንጂ ውሃውን ያሳልፈዋል። በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ ከሥር ይጠራቀማል። የድሮዋን ፖምፓ የሚያለሰልሳት የሞተር ዘይት ስለነበር የሰጧትን ትጠጣ ነበር። የአሁኗን የሚያለሰልሳት ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃና ላምባ ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት በደረቁ ይፋተጋል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ድርቅ ትላለች።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ አርባ ዓመት። ወዲያው ግን ደንገጥ አሉ፤ ይህችን ልጅ ማስቀየም አይወዱም።

ሽማግሌ ልምዱን ቢወድ አይፈረድበትም፤ ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘው ነው። የእሳቸው ልምድ እውነት ነበር፤ ጉድለቱ ከሌላ መኪና የተማሩት መሆኑ ብቻ ነው። ልጅቱም ይህን ስለምታውቅ አልተቀየመችም። ከመሣሪያ ቦርሳዋ አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ አስያዘቻቸውና «እኔን አይመኑኝ። ከናፍጣ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ግርጌ ያለችውን ብሎን ራስዎ ያላሏት» አለች።

አላሏት። የወረደው መጀመሪያ ድፍርስ ነበር፤ ቆይቶ ናፍጣው ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ዝገት የመሰለ ውሃ ሁለት ጣት ያህል ቀረ። አርባ ዓመት ጠርሙሱን አዘነበሉት፣ አሸተቱት፣ እንደገና አዘነበሉት።

«በገዛ እጄ ባልቀዳው አጭበረበረችኝ እል ነበር» አሉ። ልጅቱ ፊልትሮውም መቀየር አለበት ስትላቸው ግን «ይሁን፣ ውሃው ወጣ አይደል? ፊልትሮውን ሌላ ጊዜ እንቀይረዋለን» አሉ።

ይህን ጊዜ ጋቢና ውስጥ ሆነው ሲያዳምጡ የቆዩት ባለቤታቸው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ለምንድን ነው የምታመላልሰኝ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ኩላሊትሽ ማጣራት ስላቆመ ነዋ!»

«የእኔን የሚቀይርልኝ አልተገኘም። የእሷ ማጣሪያ ሱቅ ሞልቷል። የሚቀየረውን እንኳ ለምን ትነፍጋታለህ? እሷ ስትቆም እኮ አብሬ የምቆመው እኔ ነኝ።»

 የአርባ ዓመት ዓይን እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፕላስተሩን ላጡት። «በይ ልጄ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

ልጅቱ ፊልትሮው ላይ ያለችውን መግፊያ በእጇ እየተጫነች፣ ውሃው ሲወጣ የገባውን አየር ከቧንቧው አስወጣች፤ ሞተሩም ተነሣ። ሆስፒታል እስኪደርሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነገረቻቸው። በርሜሉ ይቅር፣ ላምባውም ይቅር። ናፍጣው ሥራ ከሚበዛበት ማደያ በቀጥታ ይሞላ፤ ታንከሩም ጎድሎ አይደር፣ ባዶው ነው የሚያልበው። ውሃው በየሳምንቱ ይውጣ። ፊልትሮው ደግሞ መኪናዋ እስክትታመም ሳይጠበቅ በጊዜው ይቀየር፤ መብራቷ ከበራችም ቆሞ ማየት ነው እንጂ ማኩረፍ የለም። ሃያ ደቂቃ አርፍደው ደረሱ። ነርሷ ተቆጣች፤ ተቀበለቻቸው ግን። ፊልትሮው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተቀየረ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆነ። ፒክአፗ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች፤ ፖምፓዋን የነካት የለም፤ አንድም ቀጠሮ አልተዛነፈም። የሰፈሩ ነጂዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙስ ይዘው አርባ ዓመት ደጅ ውሃ ማውጣት ይማራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ድሮ አርባ ዓመት «መንገድ ላይ ብትቆምስ» እያሉ በቀጠሮ ቀን ከሰዓቱ በጣም ቀድመው ይወጡ ነበር፤ ታማሚዋም ከእንቅልፋቸው እየተቀሰቀሱ ሆስፒታል በር ላይ በብርድ ይጠብቁ ነበር። አሁን ያቺ ሰዓት ተረፈች። ሁለቱ አዛውንቶች ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይቺን ሰዓት ማን ሰጠን?» አሉ አርባ ዓመት አንድ ቀን፤ የልጅቱን ስም እንዲጠሩላቸው ፈልገው ነበር።

ባለቤታቸው ጭንቅላታቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «አንተ ነሃ። እሷማ ተናገረች፤ የሰማኸው አንተ ነህ።»