ሽጉጡ ለኪሮስ፣ ካርታው ለሲሳይ

በእኛ ጊዜ፣ በእኛ ጊዜ ስል አትሳቁ እንጂ፣ ሃምሳን ካለፍኩ ብዙም አልሆነኝ፣ ጢሜ ነው ቀድሞኝ ያረጀ፤ በእኛ ጊዜ እንግዲህ ሰው ከብት ያረባ ነበር፣ ሰው ወዳጅ ያበዛ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሞተ ሽጉጥ መሰብሰብ ያዝኩ። የሞተ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። መርፌው የተሰበረ፣ ቃታው የዛገ፣ አፈሙዙ ውስጥ ሸረሪት ድር ያደራበት። ፖሊሶቹም መጥተው አይተው ስቀው ሄደዋል። እዚህ ሰቆጣ «የሽጉጥ የንስሐ አባት» ነው የሚሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቁጭ አድርጌ አናዝዛለሁ፤ የት ተወለድሽ፣ ከማን ወገብ ወጣሽ፣ ማን ዘንድ አደርሽ እላታለሁ። ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ሳሻት ከዝገቱ ሥር ቁጥር ይወጣል፣ ማኅተም ይወጣል፤ እና ባለቤቷ የነገረኝና እሷ የነገረችኝ አንድ ሆኖ አያውቅም። ባለቤቶቹማ ሁሉም «ከጣሊያን ኮሎኔል የተማረከች ናት» ነው የሚሉት። ጣሊያን ወደዚህ ሲመጣ ኮሎኔል ብቻ ይዞ ነው መሰለኝ የመጣው፣ ተራ ወታደር የሚባል አላመጣም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ደሃና ወረዳ፣ አያ ኪሮስ ቤት፣ አንዲት ሽጉጥ አለች ሲሉ ሰማሁ። አያ ኪሮስ ገበሬ ነው፣ ትከሻው በር የሚያክል ሰው። አባቱ የድሮ ወታደር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሄድኩ፣ ደረስኩ፣ ጠላ ቀረበልኝ፣ ሽጉጧም ከጨርቅ ወጣች። ምን ልበላችሁ! አፈሙዟ ረዘም ያለ፣ የእንጨት እጀታዋ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ገልበጥ አድርጌ ሳይ እጀታዋ ሥር ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ጥይት የሚሰደርበት ብረት የለም። እኔም ከድሮ ወታደሮች ጋር ስውል የለመድኩት አፍ አለኝና፣

«አያ ኪሮስ፣ ካርታውስ የት አለ?» አልኩ።

እናንተዬ! ሰውየው ተነሣ። ጠላውም አብሮት የተነሣ መሰለኝ።

«ማን ነው የላከህ?»

«ኧረ ማንም...»

«ሲሳይ ነው የላከህ! ካርታ አልወሰድኩም ብዬ በሚካኤል ፊት ምያለሁ! ዛሬ ደግሞ ሽጉጥ ያያል ብሎ ሰላይ ይልክብኛል?»

«አያ ኪሮስ፣ እኔ እኮ ያልኩዎት የሽጉጧን...»

«ውጣ!»

ወጣሁ። ምን አደርጋለሁ? በሩን እንኳ እኔው ነኝ የዘጋሁት፣ ጨዋ ነኛ።

ሲሳይ ማለት ታናሽ ወንድሙ ነው። እዚሁ ሰቆጣ ልብስ ይሰፋል፤ የእኔንም ሱሪ ድሮ እያጠበበ፣ አሁን እያሰፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ሁለቱ ድሮም በእርሻ ወሰን ይጨቃጨቁ ነበር፤ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ግን ጭራሽ አይነጋገሩም። ለቅሶ ላይ አንዱ ከመጣ ሌላው በጓሮ ይወጣል። ነገሩን አገር ያውቀዋል፤ አባትየው ሊሞቱ ሲሉ ቄስ አስጠርተው «ሽጉጡ ለኪሮስ፣ ካርታው ለሲሳይ» ብለው ተናዘዙ። ሰቆጣ ላይ ደግሞ የቤት ቦታ ነበረቻቸው። እና ሲሳይ የዚያች ቦታ ካርታ ናት ብሎ መሬት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ «የለም» ይሉታል፤ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። በኋላ «ወንድሜ ሰርቆኛል» አለ። አለቀ።

ታዲያ ከኪሮስ ቤት ተባርሬ ዳገቱን ስወጣ መሀል ላይ ቀጥ አልኩ። ቆይ ቆይ! እኔ ካርታ ያልኩት የጥይቱን ቤት። እሱ የሰማው የመሬቱን። ሽማግሌውስ? ወታደር እኮ ነበሩ! እነ ኪሮስ ቤት የሚወራው ኽምጣኛ፣ የአገዎቹ ቋንቋ ነው፤ ክላሽ የያዘ ገበሬ ደግሞ የጥይቱን ቤት ካዝና ነው የሚለው። ካርታ የሚል የድሮ ወታደር ነው፣ እና እኔ።

ቀጥ ብዬ ወደ ቄሱ ሄድኩ፤ አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ደክሟል።

«አባ፣ ሽማግሌው የተናዘዙት በምን ቋንቋ ነበር?»

«በአማርኛ ነዋ! እኔ ኽምጣኛ የት እሰማለሁ?»

«ካርታ ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ያለውን አደረስኩ። ብቻ 'ልጆቼ በወሰን ተጣልተው ሊገዳደሉ ነው፤ አንዱ ያለ አንዱ እንዳይተኩስ አድርጌ አካፍያቸዋለሁ' አለኝ። እኔ የበሽታ ቅዠት መስሎኝ ተውኩት።»

አያችሁ? አያችሁልኝ? ሽማግሌው ሊያስታርቁ ብለው ነው ከሁለት የከፈሏት!

ከዚያ ሲሳይ ቤት ገባሁ። «ሲሳይ፣ አንተ ዘንድ ካለው የአባትህ ሳጥን ውስጥ ብረት ነገር አልነበረም?»

«ተወኝ እባክህ፣ እኔ ወረቀት ነው የፈለግሁ። ቡትቶና ዝገት ነበር።»

ሚስቱ ከጓዳ፣ «ያ ብረት? በሩ ሥር ያለው ነዋ!» አለች።

በሩ በነፋስ እየተንኳኳ እንቅልፍ ቢነሳቸው ከሥሩ የሸጎጡት እሱን ነው! ጎንበስ ብዬ ሳወጣው፣ ራሱ ካርታው። በላዩ እየተራመደ ካርታ ፍለጋ መሬት ጽሕፈት ቤት የሚመላለስ ሰው ከሲሳይ በቀር አላየሁም።

«ይህ ነው ካርታህ» ስለው፣ «ትቀልዳለህ» አለኝ። የልማዴ ነውና አልፈረድኩበትም። እንዲህ ያለ የጦር ሽጉጥ ግን የቁጥሩ መጨረሻ ካርታው ላይም ይመታበታል፣ ተለያይተው እንዳይቀሩ። እና ማረጋገጫው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ሽጉጧን ማለቴ ነው፤ ሰዎቹንም።

ቄሱን አስቀድመን ደሃና ሄድን። ኪሮስ ቄሱን አይቶ ማባረር አልቻለም። ሽጉጧን አወጣ፣ ዘይት ቀባሁ፣ አሸሁ። ቁጥሩ ወጣ። ካርታው ታች ያለውን አየን፣ ያው ነው። ኪሮስ ተቀብሎ ሰካው። «ቀጭ!» አለ።



«ለዚህ ነው የተጣላነው?» አለ ኪሮስ።

«ለዚህ ነው» አለ ሲሳይ።

«የቦታውንማ ካርታ አባታችን መቼ አውጥቶ ያውቃል! አንተ ልብስ ሰፊ፣ ከመርፌና ክር ሌላ ብረት የት ታውቃለህ!»

«አንተስ ባለ ብረቱ! ሆዷ ባዶ ሽጉጥ አቅፈህ ስትኖር ምን ጎደላት አትልም?»

ከዚያ ተቃቀፉ። አለቀሱ ልበላችሁ ሳቁ አላውቅም፣ እኔ የማየው ሽጉጧን ነበር። ከዝገቱ ሥር ዘውድ የጫነ አንበሳ ወጣ።

«አያ ኪሮስ፣ ይቺ የራሳችን መንግሥት ናት። ለአባትዎ ሲያገለግሉ የተሰጠቻቸው ትመስለኛለች።»

«ኮሎኔሉስ?»

«ኮሎኔል የለም።»

«ተው እንጂ። ኮሎኔሉን እንኳ ተውልኝ።»

ተውኩለት።

«በሉ እንግዲህ፣ ከተገጣጠመች አይቀር ለእኔ ስብስብ...» ብዬ ስጀምር፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ «ኑዛዜ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። ያን ያህል ጊዜ ሳይነጋገሩ ኖረው መጀመሪያ የተስማሙት በእኔ ላይ ነው። ሽጉጡ ለኪሮስ፣ ካርታው ለሲሳይ፣ እንደገና ነቅለው ተካፈሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ዳገቴን ወጣሁ።

አያ ጌታሁን ወጋቸውን ሲጨርሱ፣ በስልክ ድምፃቸውን ይቀዳ የነበረ አንድ መምህር፣ «አያ ጌታሁን፣ ታዲያ የእነ ሲሳይ በር ካርታው ከተነሣበት አይንኳኳም?» አላቸው።

«ይንኳኳል እንጂ» አሉ እየሳቁ፣ «ኪሮስ ነዋ፣ ለገበያ በመጣ ቁጥር።»