የኦቦ ሰንበታ ነጭ ጥርስ

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ወይዘሮ ዙለይካ ቅመም መደብር የገባሁት ጥቁር አዝሙድ ለመግዛት ነበር። መደብሩ አዳማ ገበያ ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ማዕዘን አጠገብ ነው። ከእኔ ቀድመው አንድ ሽማግሌ ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል። ረጅምና ቀጥ ያሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ የቆለፉ፣ በከንፈራቸው ጥግ መፋቂያ የያዙ ሰው ናቸው። በግራ እጃቸው የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ይዘዋል። ልጅቱ በሌላው እጇ አፏን ሸፍናለች። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ከኪሳቸው ክብ ቆርቆሮ አወጡ። "ዙለይካ፣ አንቺ የቅመም ሰው ነሽ። እስቲ ይህ ዱቄት ከምን እንደተሠራ ንገሪኝ።"

ዙለይካ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። "ቅርንፉድ ይሸታል፣ ኦቦ ሰንበታ። ሌላውን አላውቅም። ከእኔ ያልገዙትን እኔን አይጠይቁኝ።"

"ካንቺ ብገዛውማ አሁን ፖሊስ ይዤ ነበር የምመጣው። በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ከሚዞር ሰው ነው የገዛሁት። 'የህንድ አዩርቬዳ፣ የሺህ ዘመናት ጥበብ፣ በሁለት ሳምንት ጥርስዎ እንደ ወተት!' ይላል። ይኸው የልጅ ልጄን ጂጂን ወር ሙሉ ፈተግኋት። ጥርሷ እንደሆነ አልነጣ፤ የሚወጣው ደም ነው።"

"ያማል" አለች ልጅቱ ከእጇ ሥር።

"የሚያምሽ ቀድሞ በደንብ ስለማትፍቂ ነው። ሰነፍ።"

ከኋላችን አንዲት ወጣት ሴት፣ "አባባ፣ ይቅርታ፣ ዱቄቱን ባየውስ?" አለች። በእጇ የሰሊጥ ዘይት ጠርሙስ ይዛለች።

ዙለይካ አስተዋወቀችን። "ሉሊት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ህንድ አገር ሦስት ዓመት ተምራ መጥታለች። ይህን ዘይት የምትገዛኝ ለምግብ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት ትጉመጠመጥበታለች!"

ኦቦ ሰንበታ ቆርቆሮውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። "ህንድ?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጠርሁ። ሽማግሌው ስለ ህንድ ዱቄት ሲያማርሩ ህንድ የተማረች ሴት ከየት ብቅ አለች? ገበያችን ውስጥ አንዱ ያሳምማል፣ ሌላው መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ኋላ ሲታይ ሁለቱ ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ጥቁር አዝሙዴን ትቼ ነገሩን ለማየት ቆምሁ።

"ልጄ፣ ያ የሚለፍፈው ሰውዬ ምንሽ ነው?" አሉ ኦቦ ሰንበታ።

"አላውቀውም፣ አባባ።"

"ታዲያ ምን ልትሸጪልኝ ነው?"

"ምንም።"

"እኔ ደግሞ የምፈራው ምንም የማይሸጠውን ነው።"

ዙለይካ ሳቀች። ሉሊት አልተቆጣችም። "እውነትዎን ነው" አለች። "እኔንም አይመኑኝ። ዱቄቱን ግን በጣትዎ ይሹት።"

ሽማግሌው በጥርጣሬ ቆንጠር አድርገው አሹት። ሉሊት ቆርቆሮውን ተቀብላ ክዳኑ ላይ ጥቂት ዱቄት ነስንሳ በጨርቅ ፈተገችው፤ ስትጠርገው የሚያብረቀርቀው ክዳን ተቧጭሮ ነበር።

"ቆርቆሮ የሚቧጭር ነገር የልጅን ድድ ምን ያደርገዋል?"

ኦቦ ሰንበታ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "አሸዋ ሸጠልኝ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ቀና አሉ። "እሺ፤ ይህ ሐሰተኛው ነው። እውነተኛው አዩርቬዳ ያ ዘይት ነዋ! ይኸውልሽ፣ ወደ ሽያጩ መጣን።"

"አዩርቬዳ የህንዶች የጥንት ሕክምና ነው፣ አባባ። እኔ ያወቅሁት ከአከራዬ ነው። አሮጊት ናቸው። ጠዋት ተነሥተው ምላሳቸውን በመዳብ መጥረጊያ ይጠርጋሉ፤ ቀጥሎ በኒም እንጨት ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይት ተጉመጥምጠው ይተፋሉ። ቅርንፉድ ደግሞ ጥርስ ሲያም ያስታግሱበታል።"

"ኒም? ይኸ በየመንገዱ ለጥላ የምንተክለው መራራ ዛፍ?"

"እሱው። እርስዎ በመፋቂያ የሚያደርጉትን እነሱ በኒም ያደርጉታል።"

"እንግዲያው እኔ ሳላውቀው ዕድሜ ልኬን ህንድ ሆኜ ኖሬያለሁ ማለት ነዋ!" አሉ ኦቦ ሰንበታ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ያስደነቃል። የሰባ ዓመት ሰው ጥርስ አይመስልም፤ ነጭና የተስተካከለ ነው። ልጅቱ ወደ ላይ ተመለከተቻቸውና እጇን አፏ ላይ ይበልጥ አጠበቀችው።

"ታዲያ ዘይቱን ስጪኛ" አሉ። "ጂጂን ያነጣታል?"

"አያነጣትም።"

ዙለይካ ባንኮኒውን መታች። "ወላሂ፣ ሉሊት! ደንበኛዬን እያባረርሽ ነው!"

"አፍን ያለሰልሳል፤ እኔን ደስ ይለኛል። ምላስ መጥረግም መጥፎ ጠረን ይቀንሳል። ቅርንፉድ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ሕመም ያስታግሳል። የተበላ ጥርስ ግን በዘይት አይድንም፤ በብሩሽና በጥርስ ሳሙና መቦረሽንም አይተካም። ወር ሙሉ ተፈትጎ ያልነጣ ጥርስ ደግሞ ምንም ዱቄት፣ ምንም ዘይት አያነጣውም።"

የሳሙናው ነገር ሲነሣ ሽማግሌው እንደገና ፊታቸው ጠቆረ። "ተይ እንጂ! ጥፋቱ የመጣው ከዚያው ከሳሙናችሁ ነው። ስሚኝ። እኔ ስኳር ፋብሪካ፣ አገዳ መንደር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ብሩሽ ነክቼ አላውቅም። ጥርሴን እዪው! ልጆቼ ግን ተማርን ብለው ሳሙና ያዙ፤ የሁሉም ጥርስ እንደ ዝገት ቡናማ ሆነ። የዚህች አባት ሚሊዮን ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበር። 'ፈገግ በል' እያሉት እሱ አፉን ሲዘጋ ወደ መጋዘን አወረዱት። ሠርጉ ዕለት እንኳ ሲስቅ አላየሁትም። ይህችም ገና ፊተኞቹ ሁለት ጥርሶቿ ሲበቅሉ ያው ቡናማ መስመር ይዘው ወጡ። ትምህርት ቤት ስትስቅ ስም ስላወጡላት ይኸው እጇ ከአፏ አይወርድም።"

ልጅቱን ወደ ኮታቸው ሳብ አደረጓት። ሰውየው ዱቄቱን የገዙት ለመልክ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱ እንደ አባቷ ሳትስቅ እንዳታድግ ነበር።

"አባባ፣ እርስዎ የት ተወለዱ?" አለች ሉሊት።

"ሁሩታ።"

"ወደ አገዳው መንደር ስንት ዓመትዎ ሆኖ መጡ?"

"ሃያ ሁለት። ምን ልትይ ነው?"

"ልጆችዎስ? ሁሉም እዚያው መንደር ነው ያደጉት?"

"ሁሉም። ከሻሼ በቀር። ሻሼን አያቷ ሁሩታ ወስዳ ነው ያሳደገቻት፤ ጡት እንደጣለች ሄዳ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ተመለሰች።"

"የሻሼ ጥርስ ምን ይመስላል?"

ኦቦ ሰንበታ የኮታቸውን ቁልፍ ነካኩ። ዙለይካ ሚዛኗን አስቀመጠች።

"ነጭ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"በመፋቂያ ነው የምትፍቀው?"

"በ... በሳሙና ነው የምትቦርሸው።"

"እንግዲያው ሳሙናው አይደለም። ውሃው ነው" አለች ሉሊት። "በእኛ በስምጥ ሸለቆ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ጥርስ ገና ከድድ ሥር ሲሠራ፣ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ያ ማዕድን ሲበዛበት ጥርሱ ቡናማውን ቀለም ውስጡ ይዞ ይወጣል። ከላይ የተቀባ አይደለምና ፍትጊያ አያስለቅቀውም። እርስዎ ውሃውን መጠጣት የጀመሩት ጥርስዎ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።"

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እንደተረቱ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩና በድል አድራጊነት አዩን።

"ጥሩ ተረት ነው። ጂጂ ግን መንደሩን አታውቀውም! ጡረታ ወጥቼ አዳማ ከገባን በኋላ እዚሁ ነው የተወለደችው። የአዳማ ቧንቧ ደግሞ ከአዋሽ ነው የሚመጣው እንጂ ከጉድጓድ አይደለም። እህስ? ውሃሽ የት ሄደ?"

ሉሊት የዘይቱን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እኔም በልቤ፣ "አሁን ተያዘች" አልሁ። በዚህ መሐል ልጅቱ እጇን ሳታወርድ ተናገረች።

"እኛ እኮ የቧንቧ ውሃ አንጠጣም። አያዬ ነው የሚያመጣልን።"

ዙለይካና እኔ ወደ ሽማግሌው ዞርን። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ።

"ከየት ነው የሚያመጡት፣ አባባ?" አለች ሉሊት በዝግታ።

"ከመንደሩ" አሉ። "ከድሮው ጉድጓድ። የቧንቧው በረኪና ይሸታል። የጉድጓዱ ኩልል ያለ ነው፤ ከመሬት ሆድ ለብ ብሎ ይወጣል። ጫምሳ የሚባል ባለ መኪና ማክሰኞና ቅዳሜ በጀሪካን ያመጣልኛል። እኛ ትልልቆቹ የቧንቧውን እንጠጣለን። ያ ለልጆቹ ብቻ ነው።"

"ሌላ ልጅ አለ?"

"ታናሿ። አሥር ወሯ ነው። ወተቷ የሚበጠበጠው በዚያ ው..." አሉና አልጨረሱትም። መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰው ክፋት ሠርቶ ሲያዝ አይቻለሁ፤ ፍቅሩ ጥፋት ሆኖ የተገኘበትን ሰው ሳይ ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ኦቦ ሰንበታ ግን በቀላሉ የሚወድቁ ሰው አልነበሩም።

"ባፈላውስ?"

"ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ይህ ማዕድን ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ ውሃው በተነነ ቁጥርም ይብሳል።"

"አንቺን በምን ልመንሽ? ዛሬ ነው ያየሁሽ።"

"አይመኑኝ አልኩ እኮ። ውሃውን በጠርሙስ ይዘው ያስመርምሩት፤ ጂጂንም ለጥርስ ሐኪም ያሳዩ። እኔ ግን ያየሁትን ልንገርዎት። አከራዬ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወስደውኝ ነበር፤ ደረቅ አገር ነው። ሁሉም በኒም ይፍቃሉ፣ ምላሳቸውን ይጠርጋሉ፣ ዘይት ይጉመጠመጣሉ። እዚያ ያደጉት ሰዎች ጥርስ ግን የልጅዎን የሚሊዮንን ይመስላል። ጥበቡ ከእነሱ አልጠፋም፣ አባባ። ውሃው ነው ያው የሆነው።"

ኦቦ ሰንበታ ቆርቆሮውን ተቀብለው ከድነው ኪሳቸው ከተቱት። "እስከ ዛሬ መድኃኒቱ የማይችለውን የነገረኝ የመድኃኒት ሰው አላጋጠመኝም" አሉ። ከዚያም ጉልበታቸውን ይዘው ጂጂ ፊት ተንበረከኩ።

"ጂጂ፣ ሰነፍ ነሽ ብዬሻለሁ?"

ልጅቱ አዎ በማለት ራሷን ነቀነቀች።

"አይደለሽም። ጥርስሽ ላይ ያለው ዕድፍ አይደለም፤ አንቺም ያመጣሽው ነገር አይደለም። እኔ ነኝ በጀሪካን ያመጣሁት።"

ዙለይካ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ወዲያው ግን፣ "ቅርንፉድ እንኳ ይግዙ እንጂ!" አለች። ገዙ።

በመጋቢት ወር ኦቦ ሰንበታን ከጂጂ ጋር እዚያው መደብር አገኘኋቸው። አጥብቄ ጠየቅኋቸው፤ መምህር ነኝና ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ማወቅ ነበረብኝ።

"ሉሊትን መቼ አመንኋት!" አሉኝ። "ውሃውን በጠርሙስ ይዤ አስመረመርሁ። ማዕድኑ ለልጅ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ለጫምሳ፣ 'ከእንግዲህ ውሃ አታምጣልኝ፤ እኔን ራሴን ወደ መንደሩ ውሰደኝ' አልሁት።"

በየሳምንቱ ማክሰኞ መንደሩ ሄደው፣ ገና የወለዱ እናቶች ቤት እየገቡ የራሳቸውን ጥርስና የልጆቻቸውን ጥርስ ታሪክ ይነግራሉ። ለሕፃናት ብቻ እንኳ የዝናብ ውሃ ወይም የወንዙን የተጣራ ውሃ ያዙላቸው ይላሉ። ቤታቸው የቧንቧውን ውሃ ክዳኑን ከፍተው ያሳድሩታል፤ የበረኪናው ሽታ ይቀንሳል። ጂጂ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ሳሙና ትቦርሻለች፤ ሳሙናውን ትተፋለች እንጂ አትውጥም። ምላሷንም እንደ ህንዷ አሮጊት ትጠርጋለች። ድድዋ መድማቱን አቁሟል። ሐኪሙ ቡናማው ቀለም ስታድግ ሊሸፈንላት እንደሚችል፣ የታናሿ ቋሚ ጥርሶች ግን አብዛኛው ሥራቸው ገና ወደፊት ስለሆነ በጊዜ እንደተደረሰላቸው ነግሯቸዋል። ሽማግሌው መፋቂያቸውን አልተዉም፤ ማንም ተው ያላቸው የለም።

"ያ ዱቄትስ?" አለች ዙለይካ። "ጣሉት?"

"ለምን እጥለዋለሁ? ብረት ድስታችን እንዴት ጠቁሮ እንደነበር አታውቂም፤ በእሱ ፈተግነው። ሰውየው እውነቱን ነው፤ በሁለት ሳምንት እንደ ወተት!"

ጂጂ ሳቀች። ሁለቱ ፊተኛ ጥርሶቿ እንደነበሩ ናቸው፤ ቡናማው መስመር በግልጽ ይታያል። ሁለቱም እጆቿ ግን የአያቷን ኮት እንደያዙ ቀሩ።