ሳይነበብ የተመረቀው መጽሐፍ

አያ አራጌን ያን ቀን ከዚያች ሱቅ ያስገባቸው አቧራ እንጂ የመጽሐፍ ፍቅር አልነበረም። ከሮቢት በሚኒባስ መጥተው፣ ለእሑድ የሚጫሙትን አዲስ ጫማ ገዝተው ወደ ቆቦ መናኸሪያ ሲያዘግሙ፣ ያ የሰኔ ነፋስ ከሜዳው ተነሥቶ አስፋልቱን አቧራ አለበሰው። ባጃጆቹ በጠራራ ፀሐይ መብራት አበሩ። አያ አራጌም ሽመላቸውን አስቀድመው ክፍት ሆኖ ካገኙት በር ዘው አሉ። ዓይናቸውን ጠራርገው ቢያዩ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ማነው ባለቤቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አያ አራጌ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ሀናን ነኝ፤ የኡሙልኸይር ልጅ።»

አያ አራጌ ክው አሉ። የዚችን ልጅ ወሬ በሠርግም በለቅሶም ሰምተዋል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመጣ ቢሮ ገብታ ትቀመጣለች ሲባል መጽሐፍ ቤት ከፈተች። ይህስ ይሁን፤ እሑድ እሑድ ወጣቱን ከሱቋ ደጅ ሰብስባ አዲስ የወጣ መጽሐፍ እያነሣች ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ጎደሎ ነው ትላለች፤ የተናገረችውንም በቴሌግራም ትለቀዋለች። አያ አራጌ ደግሞ የምርቃት ሰው ናቸው። ከዋጃ እስከ ሮቢት ደም በፈሰሰበት ሁሉ ተጠርተው ያስታርቃሉ፤ አዲስ ወፍጮ፣ አዲስ ባጃጅ፣ አዲስ ሙሽራ ያለ እሳቸው አይመረቅም። ቃላቸው መሬት ጠብ አይልም ይባልላቸዋል፤ እሳቸውም ይህን መባሉን አይጠሉትም።

«መጽሐፍ የምታሚው አንቺ ነሻ!» አሉ ሳይቀመጡ።

«ሐሜት እንኳን አይደለም፣ አያ አራጌ። ዳሰሳ ነው። ሂስም ይሉታል።»

«ሂስ! ሂስ እኔ የማውቀው በደርግ ጊዜ ነው። ሰው ከስብሰባ መሐል ይቆምና ራሱን ሲያዋርድ ይውላል። እናንተ ደግሞ ከየት ቆፍራችሁ አወጣችሁት? ያ መምህር ናትናኤል ስንት ዓመት ለፍቶ ግጥም ቢያሳትም፣ ግማሹ ባዶ ነው ብለሽ በሰው ፊት አዋረድሽው አሉ።»

«ግማሹ ባዶ ነው ብያለሁ፤ አልዋሽም። ግማሹ ደግሞ አስለቅሶኛል ብያለሁ። ይህንንስ የነገረዎት የለም?»

«የለም።»

«ሰው የሚሸከመው ክፉውን ነዋ! መምህር ናትናኤል ራሱ በማግሥቱ መጥቶ ‹ባዶዎቹ የትኞቹ ናቸው? አሳዪኝ› ብሎ ከዚህ ወንበር ላይ ሲከራከረኝ ዋለ። አሁን አዲሶቹን ግጥሞች ገና ሳያሳትም ነው የሚያነብልን።»

አያ አራጌ ይህን አልጠበቁም ነበር። ግን ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታም፤ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«ስሚ ልጄ። አራስ ሊጠይቅ የሄደ ሰው የሕፃኑን አፍንጫ አይቶ ጎራዳ ነው ይላል? እደግ ተመንደግ ይላል እንጂ። መጽሐፍም ተወልዶ ሲመጣ እልል ማለት ነው። የኛ ደንብ ይኸው ነው።»

«ሕፃን እኮ ያድጋል፣ አያ አራጌ። ነገ ይለወጣል፣ ይታረማል። መጽሐፍ ግን እንደታተመ ነው የሚኖር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ትሉን የለ? ታትሞ የወጣውማ እንዴት ይሁን! ማሽላውን ወቅተን ለነፋስ ሳንሰጠው ጎተራ እናስገባለን?»

«አናስገባም።»

«እኔም የማደርገው ይኸው ነው።» ሀናን ተነሥታ ከመደርደሪያው መጻሕፍት አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። «ይቺን ይዩ። ልብ ወለድ ናት፤ ሰው ተገድሎ ገዳዩ የሚፈለግባት። ምሳዬን ረስቼ ነው ያነበብኳት። መጨረሻዋ ላይ ግን ደራሲው ገዳዩን ከሰማይ አወረደብን፤ ከዚያ በፊት ስሙ ያልተነሣ ሰው! ሁለቱንም ተናግሬአለሁ። ይቺ የልጆች ተረት ናት፤ እንከን አላገኘሁባትም። ይቺ ደግሞ ስለ አቀንጭራ ነች።»

«ስለ አቀንጭራ? ማሽላችንን ሥር ሥሩን እየመጠጠ ለሚያደርቀው አረም መጽሐፍ አለው?» አያ አራጌ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አለው እንጂ። ብዙ ትምህርት አለባት። ግን የጻፋት ሰው የሚያውቀው ደጋውን ነው መሰለኝ፣ የዘሩ ጊዜ ለእኛ ቆላ አይሆንም። ጥሩ ናት ብዬ ብቻ ብሸጣት፣ አንድ የሮቢት ገበሬ አምኖ ቢዘራስ?»

«ማሳው ጦም ያድራል።»

«እና አማሁ ወይስ አዳንኩ?»

አያ አራጌ የአቀንጭራዋን መጽሐፍ አንሥተው ገለባበጧት። ነፋሱ የቆርቆሮውን በር ያንኳኳል። ሀናን ቀጠለችና «በኛ አገር የመጽሐፍ ምረቃ ሲጠራ አዳራሹ ይሞላል፤ የወገን ልጅ ጻፈ ተብሎ ሁሉም ይገዛል፤ ከዚያ ላስቲኩ ሳይቀደድ ቡፌ ውስጥ ይገባል። አከበርነው እንላለን። ለእኔ ግን ይህ ከነነፍሱ መቅበር ነው» አለች።

ይህች ነገር አያ አራጌን ጠቅ አደረገቻቸው። ከጫማው ጋር በያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ነበረና፣ ላስቲኩም አልተቀደደም ነበርና። ግን እልህም አለ፤ አወጡና ከፊቷ አኖሩት። የሮቢቱ ተወላጅ ሰለሞን አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ራያ ቆላ የጻፈው «ነፍጥና ጎርፍ» የተባለ መጽሐፍ ነው። ጀርባው ላይ የአያ አራጌ ፎቶ ከነሽመላቸው ታትሟል።

«ይህን እሑድ በአዳራሹ የምመርቀው እኔ ነኝ። እስቲ ይህንን ድፈሪው!»

«አንብበውታል?»

«እመርቀዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሀናን ላስቲኩን ሸርከት አድርጋ ቀደደችው። አያ አራጌ ልብሳቸው የተቀደደ ያህል ደነገጡ። «ኧረ ምነው አንቺ ልጅ!»

እሷ ግን ከጀርባው ጀመረች። «‹በዚህ መጽሐፍ ያለው ቃል ሁሉ እውነት ነው። ለልጅ ልጅ ይድረስ። አራጌ።› ይህን አንቱ ነዎት ያሉት?»

«በስልክ መርቁኝ ብሎ መረቅሁት። እሱ አሳምሮ ጻፈው።»

ገልጣ ታነብላቸው ጀመር። ስለ ጎርፉ የጻፈበት ቦታ ነበር፤ ዝናብ በተራራው ሲጥል ቆለኛው ሌሊት አካፋ ይዞ እንደሚወጣ፣ ደራሹን ጎርፍ ጠልፎ በማሳው ላይ እንደሚያሳድር። አያ አራጌ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ልጅነታቸው መጣባቸው፤ ደስ አላቸው። «ይኸው! ከዚህ ምን ነቀፋ ልታወጪ ነው?» አሉ።

«ይህስ ግሩም ነው፤ እሑድ እናገርለታለሁ» አለችና ገጽ ገለጠች። ጥቂት ካነበበች በኋላ ድምፅዋ ቆመ። ፊቷ ተለወጠ። «አያ አራጌ፣ ይህንን... ይህንን አንቱ ቢያነቡት ይሻላል።»

አያ አራጌ በመሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸውና በጣታቸው እየተከተሉ፣ እየተንተባተቡ አነበቡ። ግማሽ ገጽ ሳይደርሱ ሽመላቸው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሡትም።

በራያ ደም ሲደርቅ መሐላ አለ። ሽማግሌው ሁለቱን ወገን ያስምላል፤ ካሳው ይከፈላል፤ ከዚያ ወዲያ የሟቹና የገዳዩ ስም በአንድ አፍ አብሮ አይነሣም። ያነሣ እርቁን አፈረሰ ማለት ነው። በዚያ ገጽ ላይ ግን፣ አያ አራጌ በጎልማሳነታቸው ያደረቁት የጎርፍ ውኃ ጠብ ደም ከነስሙ ተጽፏል፤ ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔም ስሞቹን አልደግማቸውም። ገዳዩ ጀግና ተብሏል። የሟቹ ልጆች ደግሞ «ደም መመለስ አቅቷቸው በከብት አፋቸውን የዘጉ» ተብለዋል።

«ሱብሃነላህ!» አሉ አያ አራጌ። ደጋግመው፣ «ሱብሃነላህ! ሱብሃነላህ!» መጽሐፉን ዘጉት። «መህዲ የሟቹ ልጅ ነው። ፈሪድ የገዳዩ የልጅ ልጅ ነው። ዛሬ ጎርፉን በአንድ ቦይ ነው የሚጠልፉት። እሑድ ከፊት ወንበር ትቀመጣላችሁ ብዬ ሁለቱንም የጠራኋቸው እኔ ነኝ! ክብሪት አምጪ፤ እናቃጥለው።»

«ይህንን አንዱን ቢያቃጥሉ የቀረውስ? ወልድያም ደሴም ሱቅ ገብቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ለራሱ ለሰለሞን እንደውልለት።»

ደወለች፤ ድምፁንም ለሁለቱ እንዲሰማ አደረገች። ሀናን ነገሩን ለሰለሞን ነገረችው። የመለሰላቸው ድምፅ የደራሲ ሳይሆን የተቀጣ ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

«እዚሁ አዲስ አበባ በሠርግ ላይ ሲፎከር ነው የቀዳሁት። እኔ በልጅነቴ ከአገር ወጣሁ፤ መሐላ እንዳለበት ምን አውቄ? ረቂቁን ለብዙ ሰው ሰጠሁ፤ ሁሉም ግሩም ነው አለኝ። እዚህ ጋ ተሳስተሃል ያለኝ አንድ ሰው የለም። ደግሞስ፣ አያ አራጌ... ለአንቱም እኮ አምና በሰው ልኬልዎት ነበር። አንብበው የመረቁኝ መስሎኝ!»

ልክ ነው። አያ አራጌ ረቂቁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከቡፌው አናት ላይ አኑረውታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሽመላቸው እያመለከቱ «ሰለሞን የላከልኝ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን እንኳን ጨርቁን አልፈቱትም። አንድ ቀን ፈትተውት ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ ሳይታተም በቀረ ነበር።

ሀናን ተነሣች። ሽመላቸውን አንሥታ አቀበለቻቸው፤ ውኃ ቀዳችላቸው።

«ልጄ» አሉ ብርጭቆውን ሳይቀምሱት፣ «ደሙን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ሂስሽን እጠላ ነበር። አንድ የሚተች ሰው ጠፍቶ ነው ይህ ሁሉ።»

ሰለሞን ያልተሸጠውን ሊሰበስብ፣ ያንን ምዕራፍም አውጥቶ እንደገና ሊያሳትም ቃል ገባ። የአዳራሹ ነገር ግን የአያ አራጌ ዕዳ ነበር። ሽማግሌ የሰጠውን ምርቃት መልሶ ሲወስድ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ማን አስታርቁኝ ይላቸዋል? እስከ እሑድ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ እህልም እምብዛም አልበሉ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰለሞንም መጥቶ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። መህዲ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ከወዲያ ዳር ፈሪድ። አያ አራጌ ሲነሡ ሰው ሁሉ አሚን ሊል እጁን ዘረጋ።

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ። «ዛሬ ምርቃት የለም።»

አንዲት አሮጊት «ውይ!» ሲሉ ተሰማ።

«ይህን መጽሐፍ ሳላነብ መረቅሁት። በውስጡ የማይነሣ ነገር ተነሥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ ምርቃቴን አነሣሁ። ከእንግዲህ መጽሐፍ ሲመጣ አስቀድመን እናንብብ። ግጥም ሲሆን እውነተኛውን ከባዶው እንለይ፤ ስለ እርሻ ሲሆን ለአፈራችን መስማማቱን እንጠይቅ፤ ታሪክ ሲሆን ባለ ታሪኮቹን እናማክር። ይህን ብናደርግ ደራሲው ይታረማል፣ ገዢው አይታለልም፣ ልጆቻችን ደጉን መጽሐፍ ከክፉው ያውቃሉ፣ የደረቀ ደም አይቀሰቀስም። የሚተቸንን ሰው ምቀኛ አንበለው። ይህን ያስተማረችኝ የኡሙልኸይር ልጅ ናት። አፉ በሉኝ።»

ሊቀመጡ ሲሉ መህዲ ተነሣ።

«ልጄ ሳሊሀ ወልድያ ነው የምትማር» አለ መህዲ ቀስ ብሎ። «የአገሬ ሰው ጻፈው ብላ ገዝታ በስልክ አነበበችልኝ። ያንን ገጽ አስደገምኳት። ጀርባው ላይ የአያ አራጌ ፎቶ አለ አለችኝ። እርቁን ያሰረው ሰው ራሱ ከፈታው እኔ ምን ቀረኝ አልኩ። ግን ሰው በወረቀት አይፈረድበትም፣ ከአፉ ልስማው ብዬ መጣሁ።» ዞር ብሎ ፈሪድን አየው፤ ከዚያ በሩን። «ወንድሞቼ ከደጅ ቆመዋል። ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አያ አራጌ፣ አሁን ያ እጅ ተዘርግቶ አንቱ መርቀውት ቢሆን ኖሮ፣ ወጥቼ አንድ ቃል ነበር የምላቸው።»

ሀናን በእጇ አፏን ያዘች። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሞት ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ሊውል ነበር!

መህዲ ወደ ሀናን ዞረ። «ልጄ፣ ተነሺና የቀረውን ንገሪን። ደጉንም ጎደሎውንም። እኔ ያልገባኝም አለ።»

አያ አራጌ ግን ቆዪ ብለው እጃቸውን አነሡ። በወንበሮቹ መሐል አልፈው ብቻቸውን ወደ ደጅ ወጡ። ከውጭ ያሉት ምን እንደ ተባባሉ አልተሰማም። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ የመህዲን ወንድሞች ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘው ነበር፤ ወንድማማቾቹም የያዙትን መሣሪያ ከደጅ አስቀምጠው ገብተዋል። ከፊት ባዶ ወንበር አልነበረም። ፈሪድ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀላቸው።