ጮማና ውሃ

አባ አራጌ በቆቦ ከብት ገበያ የሚታወቁት በእጃቸው ነው። የሰንጋውን ጎድንና የጅራት ሥር ዳሰስ አድርገው «ይሄ ጮማ አለው፤ ያኛው ቆዳ ብቻ ነው» ካሉ ሻጭም ገዢም አይከራከራቸውም። በዚያ የድርቅ ዓመት ግን የሚዳሰስ ሰንጋ ጠፋ። ማሽላው ሳያሸት ደረቀ፤ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። አዛውንቱም የልጅ ልጃቸውን ሂባን ታቅፈው፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ወደ ሮቢት ከተማ የሚሄድ ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ሰልዋ ያገኘቻቸው እዚያ ነው። ተምራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ አራጌ። ስለ ረዲ አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። ስልጠና ላይ ሆኜ ለቅሶ አልደረስኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። የአላህ ቀደር ነው።»

ረዲ የሂባ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ባለፈው ወር ሞተ። የልጆቹ እናት ኡሙሃኒ ለሥራ ሳዑዲ ስትሄድ ሁለቱንም ለአባቷ ትታ ነው። አዛውንቱ መርዶውን እስካሁን አልነገሯትም፤ በደወለች ቁጥር «ተኝቷል» ይሏታል።

ሰልዋ የሕፃኗን እግር አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አባ፣ ሂባን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ታማለች።»

«ምኗን ታመመች? ጉንጯን አታይም? ሰው ሁሉ በከሳበት ዓመት የኔ ልጅ ማሻአላህ ወፍራለች። እርዳታ ሲታደልም መዝነዋት ኪሎዋ ደህና ነው አሉኝ። በዓይኔ አየሁ፣ በሚዛን ተመዘነች፤ ሌላ ምን ቀረ?»

«ምን ትበላለች?»

«የማሽላ ገንፎ። ወተት ከየት ላምጣ?»

«ዓይን ያታልላል፣ አባ። ሚዛንም ኪሎውን እንጂ ስብ ይሁን ሌላ ለይቶ አይናገርም። የክንድ መለኪያው ከሁለቱም ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሰውነት ሲያብጥ ይስታል።»

«ሁሉም ከሳተ እኔ ምኑን ልመን?» አሉ አባ አራጌ። የተማረ ሰው መጀመሪያ ያለህን ያፈርስብሃል፣ ቀጥሎ የራሱን ይሸጥልሃል ብለው ነው የሚያምኑት።

ሰልዋ አልተቆጣችም። «እስቲ ልጠይቅዎት። ለገበያ ብለው ጨው አልሰው ውሃ ያጠጡት በሬ ምን ይመስላል?»

«የሰባ ይመስላል።»

«ሚዛን ላይ ቢወጣስ?»

«ይከብዳላ። ውሃም እኮ ኪሎ አለው።»

«እርስዎ ግን አይታለሉም።»

«ሆዱ ተነፋ እንጂ ጎድኑ ላይ ጮማ የለማ። እጄን ሳሳርፍበት አውቀዋለሁ።»

«ያንን እጅ ለሂባ ያውሱልኝ። በአውራ ጣትዎ እግሯን ጫን ያድርጉና ትንሽ ቆይተው ያንሱ።»

ልጅን እንደ ከብት መዳሰስ በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ቢሆንም የሰልዋ አስተያየት አስፈራቸውና ጫን አደረጉ። ጣታቸውን ሲያነሱ ቦታው እንደ እርጥብ ጭቃ ሰርጉዶ ቀረ። ሌላውን እግር ሞከሩ፤ ያው ነው።

«ይህ ጮማ አይደለም፤ ውሃ ነው» አለች ሰልዋ። «ገንፎ ብቻ የበላ ልጅ ከውስጥ እየከሳ ከላይ ያብጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ አባ። ዛሬ ከደረስን ግን ተስፋ አላት።»

አባ አራጌ የሰረጎደውን ቦታ በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ለረዲ የዒድ ጫማ ገዝቼለት ነበር» አሉ። «በኋላ እግሩ አልገባ አለ። ልጄ አደገ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።»

ባጃጁ ሲመጣ ወደ ሮቢት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው አዞሩት።

እዚያ በሚሰጧት ወተት እብጠቱ ሲወርድ ሂባ አጥንት ብቻ ሆና ቀረች። ያ ሁሉ ጉንጭ ውሃ ነበር። እውነተኛው ሥጋ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ክንዷ በየሳምንቱ እየተለካ፣ እግሯ እየታየ። አንዱ መለኪያ የሳተውን ሌላው ያርመዋልና፣ በአንዱ ብቻ የተማመነ ልጁን ይቀብራል። ከዚያ ወዲህ አባ አራጌ ገበያ ላይ ልጅ ያዘለች እናት ሲያዩ «እግሩን ጫን አድርጊው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው» ይላሉ። የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን በጊዜ ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ፤ ነውር ነው የሚላቸውም አልጠፋም።

ኡሙሃኒ ስትደውል የሂባን መዳን ነገሯት። አላህን አመሰገነች።

«ረዲስ? ዛሬም ተኝቷል?»

አባ አራጌ መሬት ላይ ተቀመጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከጫማው ጀምረው ነገሯት።